በፖስታ የመጣ ሞላ፣ የቆየ ካርካኖ እና የእናት ገበታ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው በግልጽ እየተሸጡ ነው። የጣሊያኖቹ ካርካኖና ቬተርሊ፣ የፈረንሳዩ ውጅግራ፣ ማውዘር፣ ኤም 1 ካርባይን፤ ሁሉም አለ። እዚያ ያሉ ወገኖቻችንም እየገዙ ነው። አንዳንዱ ለታሪኩ ብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፣ ሌላው ተኩስ ሜዳ ይዞት ይወጣል። በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ እነዚሁ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከእናቴ ጋር የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ አጭር ካርካኖ ገዝቻለሁ። አልፎ አልፎ ቃታው ተስቦ ጥይቱ ስለማይነሳ መለዋወጫ አዘዝኩ፤ አራት የጥይት ክሊፕ፣ የመምቻ ሞላ፣ ቀለህ አውጪና ሁለት ብሎን ዓርብ በፖስታ ይደርሱኛል። ከሥራ እንደተመለስኩ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ፤ እናቴ ግን እራት የምታቀርበው እዚያው ላይ በመሆኑ ተቆጥታለች። በአንድ ምሽት ይደርስልኛል? ከምንስ ልጀምር?

መልስ፦ በጠረጴዛው ጉዳይ ከእናትዎ ጋር ነን። የጥይት መለኮሻ፣ ማለትም ቂጡ ላይ ሆኖ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው፣ በአብዛኛው እርሳስ ያለበት ውህድ ነው። በተተኮሰ ቁጥር ብናኙ በበርሜሉ፣ በማጉረሻው (ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል) እና በማቀባበያው (ከኋላ የሚዘጋው ተንሸራታች ብረት) ላይ ይቀራል፤ ሲጠርጉት ደግሞ ወደ ጨርቁ፣ ወደ እጅዎና ወደ ጠረጴዛው ይዛወራል። እኛ የምንበላው በእጃችን ነው፤ እንጀራ ሲቆረስ ጣት ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይገባል። ስለዚህ ሥራው ጋራዥ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን። ሁለቱም ከሌሉ ምግብ የማይቀርብበት ትንሽ ጠረጴዛ ይፈልጉ፤ ላዩ ላይ ጠርዙ ከፍ ያለ ሰፊ የፕላስቲክ ትሪ ያስቀምጡ፣ ትሪው ላይ ጋዜጣ ያንጥፉ። ትሪው ከዚያ በኋላ ለእህል አይመለስም።

ምሽቱን ለሁለት ይክፈሉት። ከእራት በፊት ማየት፣ መለካትና ማወዳደር ይበቃል። ሽታ ያለው ማጽጃ፣ ላምባና ዘይት ከእራት በኋላ ይመጣሉ።

የመጀመሪያው ሥራ ባዶነቱን ማረጋገጥ ነው። ማቀባበያውን ይክፈቱ፣ ማጉረሻውን በዓይን ይዩ፣ ከዚያ በትንሽ ጣት ይዳስሱት። የእውነት ጥይት በክፍሉ ውስጥ አይኑር። ካርካኖ ላይ ማቀባበያው የሚወጣው ምላጩን (ቃታውን) ስበው እንደያዙ ወደ ኋላ ሲጎትቱት ነው፤ በጉልበት አይታገሉት። ማቀባበያው ሲወጣ ነጭ ወረቀት ከአፈሙዙ ፊት ይያዙ፣ መብራት ያብሩበትና ከኋላ ሆነው በበርሜሉ ውስጥ ይመልከቱ። እዚያ የተረሳ ጨርቅ ወይም የሸረሪት ድር ያጋጥማል፤ ተደፍኖ የተተኮሰ በርሜል ደግሞ ይፈነዳል።

ቀጥሎ ሞላው። ጥይት ሳይነሳ ሲቀር ሁሉም የሚያዘው አዲስ ሞላ ነው፤ ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሞላው አይደለም። ለረጅም ጊዜ የተከማቸ ጠመንጃ ማቀባበያው ውስጥ የገባው የማከማቻ ግራሶ እንደ ሰም ይደርቃል፣ መምቻውንም (መለኮሻውን የሚመታውን ዘንግ) ያንቀራፍፈዋል። መምቻው ይመታል፣ ግን በሙሉ ኃይሉ አይደለም። መለኮሻው ላይ ያለውን ጉድጓድ ይዩ፤ ስስና ጥልቀት የሌለው ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው። ስለዚህ አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት አሮጌውን አጽድተው ይሞክሩት። ማቀባበያውን ሲፈቱ ሞላው ተወጥሮ ስለሚጠብቅዎት መነጽር ያድርጉ፣ ሥራውንም ግልጽ በሆነ ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይሥሩት፤ የሚያመልጥ ነገር ቢኖር ከረጢቱ ይይዘዋል። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ ያንሱ። የሚሽከረከር ነት ካለ ስንት ዙር እንደዞረ ይቁጠሩና ሲመልሱ በዚያው ልክ ይመልሱት፤ አለበለዚያ የመምቻው ጫፍ ከሚገባው በላይ ይወጣል ወይም ያጥራል።

የተፈቱትን ብረቶች ውጭ፣ ከእሳት ርቀው፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ላምባ ውስጥ ይዘፍዝፉ፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ፣ ያድርቁ። ከዚያ ቀጭን ዘይት በጨርቅ አስነክተው ይጥረጉ፤ ጨርቁ ላይ የቀረው ይበቃል። ማቀባበያው ውስጥ ግራሶ አይግባ፣ የክረምት ብርድ መልሶ ያደርቀዋል። አሮጌው ሞላ ከአዲሱ አጠገብ ሲቆም በጉልህ ካጠረ ወይም ከጎበጠ ያኔ ይቀይሩት።

ቀለህ አውጪውን ካልተሰበረ አይንኩት። እንደ ሞላ የሚታጠፍ ብረት ነው፤ ያለ ልምድ ሲነቅሉት የሚሰበረው ደህናው ነው። ያዘዙትን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ቀን ይመጣለታል።

ክሊፑ ላይ ግን ጊዜ ይስጡ። ካርካኖ ያለ ክሊፕ ተደጋጋሚ ተኳሽ አይደለም። ክሊፑ ስድስት ጥይት ይይዛል፣ ከነጥይቱ ከላይ ይገባል፣ የመጨረሻው ጥይት ወደ ማጉረሻው ሲሄድ ባዶው ከሥር ባለው ቀዳዳ ይወድቃል። ስለሚወድቅ ተሰበረ ብለው የሚጽፉልን አሉ፤ ሥራው እንደዚያ ነው። አዳዲስ ክሊፖች አንዳንዴ ጠርዛቸው ሻካራ ሆኖ ጥይቱን አንቀው ይይዛሉ። ባሩድና መለኮሻ የሌላቸው መለማመጃ ጥይቶች ይግዙ፤ በእያንዳንዱ ክሊፕ ስድስቱንም አጉርሰው ያስወጡ። የሚያንቀው ክሊፕ ከታወቀ የውስጥ ጠርዙን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ክሊፑን ይንኩ፣ ጠመንጃውን ግን በሊማ አይንኩ። ክሊፕ በቀላሉ ይተካል፣ ከጠመንጃው የተሞረደው ግን አይመለስም።

ብሎኖቹ የሚበላሹት በካቻቢቴ ነው። የቤት ካቻቢቴ ጫፉ እየሰፋ ስለሚሄድ ከብሎኑ ስንጥቅ እየወጣ ጠርዙን ይልጠዋል። ለጠመንጃ ሥራ የሚሸጠው ጫፉ በሁለቱም ጎን እኩል የሆነ፣ ስንጥቁን ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ነው። እምቢ ያለ ብሎን ላይ ዝገት አሟሚ ዘይት ጠብ አድርገው ያሳድሩት፤ ጠዋትም እምቢ ካለ የጋለ የብየዳ ብዕር ጫፍ አናቱ ላይ ለአንድ ደቂቃ አስደግፈው እንደገና ይሞክሩ፤ ዘይቱ ተቀጣጣይ ከሆነ አስቀድመው በደንብ ይጥረጉት። ሲያስሩ የፊተኛው ይቀድማል፣ የኋለኛው ይከተላል።

እናትዎ "ና ብላ" ሲሉ ያለቀውን ይዝጉ። እጅዎን እስከ ክንድዎ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡ፣ ጥፍርዎን በብሩሽ ይፈትጉ፣ ሸሚዝ ይቀይሩ። የእጅ ማጽጃ አልኮል እርሳስን አያነሳም። ጠመንጃው ተቆልፎ፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ ተቆልፎ ይደር።

ጥያቄ፦ ኮሎራዶ የምኖር እናት ነኝ። ልጄ የበላንበትን ጠረጴዛ በጠመንጃ ማጽጃ አጨማለቀው። ሽታው አልለቅ ብሎኛል፤ በባረኪና ልጠበው?

መልስ፦ ባረኪና ፈጽሞ አይጠቀሙ፣ እማማ። መዳብ የሚያሟሙ የጠመንጃ ማጽጃዎች ብዙዎቹ አሞኒያ አለባቸው፤ ያ የሚሰነፍጠው ሽታ እሱ ነው። አሞኒያና ባረኪና ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። መስኮት ይክፈቱ። በእቃ ማጠቢያ ሳሙናና በለብታ ውሃ፣ በሚጣል ወረቀት ሁለት ጊዜ ይጥረጉ፤ በሁለተኛው ጊዜ አዲስ ወረቀትና አዲስ ውሃ ይሁን። በደረቁ አይጥረጉ፣ ብናኙ ይነሳል። እንጨቱ ቫርኒሽ ያልተቀባ ከሆነ የገባው ገብቷል፤ ከእንግዲህ ምግብ በቀጥታ ሳይነካው በሚታጠብ የጠረጴዛ ልብስ ይጠቀሙ። ትናንሽ ልጆች ወይም ነፍሰ ጡር ቤት ውስጥ ካሉ ሐኪሙ የእርሳስ የደም ምርመራ እንዲያደርግላቸው ይጠይቁ፤ ቀላል ምርመራ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ማጽጃው ክዳኑ ተከፍቶ ባለበት ክፍል ቡና አይፈላ። ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ትነቱን ሊለኩሰው ይችላል።

ጥያቄ፦ የካርካኖዬ ማቀባበያ ተሰባብሮ ስለነበር ሌላ በኢንተርኔት ገዛሁ። ሰተት ብሎ ገባ፣ በደንብም ይዘጋል። ልተኩስበት እችላለሁ?

መልስ፦ መዝጋቱ ማስረጃ አይሆንም። የሚፈለገው ማቀባበያው ሲዘጋ ፊቱና የጥይቱ ቂጥ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከበዛ ቀለሁ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ከቂጡ በላይ ይበጠሳል፣ ጋዙም ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። ለ6.5 ሚሊ ሜትር ካርካኖ የተሠሩ ሁለት መለኪያዎች አሉ፤ አንዱ "ጎ"፣ ሌላው "ኖ ጎ" ይባላል። መምቻውንና ሞላውን ከማቀባበያው ያውጡ፣ ማጉረሻውን በደንብ ያጽዱ፣ መለኪያውን በቀለህ አውጪው ሥር አስገብተው ማቀባበያውን በሁለት ጣት ብቻ ይዝጉ። በ"ጎ" መዝጋት አለበት፣ በ"ኖ ጎ" መዝጋት የለበትም። በ"ኖ ጎ" ላይ ከተዘጋ አይተኮስም፤ የጠመንጃ ባለሙያ ይየው። የመለኪያ ዋጋ ከበዛብዎ ባለሙያው በአነስተኛ ክፍያ ይለካልዎታል። የሻጩ "ተሞክሯል" የሚል ቃል ግን መለኪያ አይተካም፣ የተሞከረው በሌላ ጠመንጃ ላይ ነውና።

ጥያቄ፦ በ50 ሜትር እንኳ ጥይቶቼ ወረቀቱ ላይ ይበተናሉ። በርሜሉ አልቋል ማለት ነው?

መልስ፦ ምናልባት። ግን መጀመሪያ ጥይቱን ይጠርጥሩ። የሌሎቹ 6.5 ጠመንጃዎች እርሳስ (ከቀለሁ ወጥቶ የሚወነጨፈው ክፍል) ውፍረቱ 6.71 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ካርካኖ የተሠራው ለ6.81 ነው። አንዳንድ ፋብሪካ ቀለሁን በካርካኖ ልክ ሠርቶ ቀጭኑን እርሳስ ይከትበታል። ቀጭኑ የበርሜሉን ጥምዝ በደንብ አይነክስም፣ ስለዚህ ይበተናል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ውፍረት ያንብቡ። ለማረጋገጥ ለስላሳ የእርሳስ ቁራጭ ዘይት ቀብተው በእንጨት ዘንግ በበርሜሉ ውስጥ ያሳልፉና በማይክሮሜትር ይለኩት።

የማነጣጠሪያው መሠረት ላይ 7.35 የሚል ምልክት ካለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጠመንጃው የ38 ሞዴል ሆኖ ጥይቱም የተለየ ነው።

አሮጌ የወታደር ጥይት ከተኮሱ መለኮሻው ጨው ይተዋል። ጨው በዘይት አይሟሟም፣ ዘይቱ ሥር ተቀምጦ እርጥበት እየሳበ በአንድ ሌሊት ያዝጋል። በዚያው ቀን የፈላ ውሃ በበርሜሉ ያሳልፉ፣ በጨርቅ ያድርቁ፣ ከዚያ ዘይት። ማፍሰሻው ለዚህ ብቻ የተለየ ይሁን፣ ማንቆርቆሪያውም በርሜሉን አይንካ።

ጥያቄ፦ ውጅግራ በፖስታ በቀጥታ ቤቴ ይላክልኛል የሚል ሻጭ አለ። ሕጋዊ ነው? ካርካኖስ ለምን እንደዚያ አይላክም?

መልስ፦ በፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ ጥንታዊ ተብሎ ከተለመደው ቁጥጥር ውጭ ነው። በዓድዋ ዘመን ከሠራዊቱ እጅ የነበረው ውጅግራ፣ የፈረንሳዩ የ1874 ግራ ጠመንጃ፣ በዚህ ውስጥ ይገባል። የተሠራበት ዓመት በርሜሉ ላይ ታትሟል፤ ከመክፈልዎ በፊት የዚያን ፎቶ ይጠይቁ። የየስቴቱ ሕግ ግን ሊለይ ስለሚችል የራስዎን ይጠይቁ። ጥይቱ የጥቁር ባሩድ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዘመናዊ ጭስ አልባ ባሩድ አይሞከርበት።

አብዛኛው ካርካኖ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ወዳለው ነጋዴ ይላካል፣ እርስዎ ሄደው የፌዴራሉን የጠመንጃ መግዣ ቅጽ 4473ን ሞልተው፣ ማንነትዎ ተጣርቶ ይረከባሉ። መታወቂያዎ ላይ ያለው አድራሻ አሁን የሚኖሩበት መሆን አለበት። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን እንደ አደን ፈቃድ ያለ በሕግ የተፈቀደ ልዩ ሁኔታ ከሌለው መግዛትም መያዝም አይችልም። የሰብሳቢ ፈቃድ ያወጣ ሰው 50 ዓመት ያለፈውን በቤቱ መቀበል ይችላል፤ ፈቃዱ 30 ዶላር ነው፣ ለሦስት ዓመት ያገለግላል።

መለዋወጫን በተመለከተ፣ ሕጉ ጠመንጃ የሚለው ቁጥር የታተመበትን ዋናውን አካል ነው። ሞላ፣ ብሎን፣ ክሊፕ፣ ማቀባበያና ሰደፍ በተራ ፖስታ ይመጣሉ። ጥይት ግን እንደ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ባሉ ስቴቶች በነጋዴ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ካርካኖ ሰደፉ ላይ በቢላ የተቀረጸ መስቀልና "ተ" የሚል ፊደል አለ። እንጨቱ ጥቁር ቅባት ጠጥቷል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አዲስ ላስመስለው?

መልስ፦ አይፋቁት። በወረራው ዘመን ከጣሊያን ወታደር ተማርኮ በአርበኛ እጅ የዞረ ሊሆን ይችላል፤ ያን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፣ ግን ጠመንጃውን ከሌላው ካርካኖ የሚለየው ያ ፊደል ነው። ሰብሳቢዎችም የተፋቀ እንጨት ዋጋ ይቀንሳሉ።

ቅባቱ ሳይፋቅ ይወጣል። እንጨቱን ከብረቱ ለይተው፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት (ካልሲየም ካርቦኔት) በአልኮል ለውሰው እንደ ሊጥ ይቀቡት፤ ፀሐይ ላይ ያውሉት። ዱቄቱ ቅባቱን እየጠጣ ቡናማ ይሆናል። ያራግፉ፣ ይድገሙ፤ ሁለት ሦስት ዙር ይፈልጋል። የተጨፈለቀ ቦታ ካለ እርጥብ ጨርቅ አድርገው የጋለ ካውያ ለአስር ሰከንድ ያህል ያሳርፉበት፣ እንፋሎቱ እንጨቱን ያነሳዋል። ፊደሉ አጠገብ ግን ካውያ አይድረስ፤ ቅርጹንም ያነሳዋልና። ካውያውም የእናትዎ የነጠላ ካውያ ባይሆን ይመረጣል።

ከዚያ የተልባ ዘይት፣ "የፈላ" ተብሎ የሚሸጠው። ለአንድ አጭር ጠመንጃ አንድ የሻይ ማንኪያ ለአንድ ዙር ይበቃል። በመዳፍ ያሹት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የቀረውን ይጥረጉ፣ አንድ ቀን ያቆዩ፣ ይድገሙ። ብዙ ዘይት በአንድ ጊዜ ያፈሰሰ ሰው ለሳምንታት የሚያጣብቅ እንጨት ይታቀፋል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ አይጣል፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ ያለ ክብሪት በራሱ ይነሳል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይክተቱት።

ጥያቄ፦ ቬተርሊዬ 6.5 ካርካኖ ይጎርሳል፤ ልተኩስ?

መልስ፦ አይተኩሱ። የ1870ው ቬተርሊ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ግፊት ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በርሜሉ ውስጥ ቱቦ ተከቶ ወደ 6.5 ሲለወጥ ማቀባበያው የሚቆለፍበት ጥንካሬ አልተለወጠም። ግድግዳ ላይ ያምራል።

ጥያቄ፦ አጎቴ ጎንደር ፈቃድ ያለው ካርካኖ አለው። ለፋሲካ ስሄድ ሁለት ክሊፕና አንድ ሞላ በሻንጣ ብወስድለትስ?

መልስ፦ አይውሰዱ። ዕቃው ትንሽ መሆኑ ሕጉን አይቀይረውም። ከአሜሪካ ሲወጣ የጠመንጃ መለዋወጫም ሆነ የማነጣጠሪያ መነጽር በኤክስፖርት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ከንግድ ሚኒስቴሩ ሳያጣሩ መያዝ በፌዴራል ወንጀል ሊያስከስስ ይችላል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ የአጎትዎ ፈቃድ ጠመንጃውን ለመያዝ እንጂ ዕቃ ከውጭ ለማስገባት አይደለም። ቦሌ ላይ ሞላው ቢገኝ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። አጎትዎን የሚረዳው ሌላ ነገር ነው፦ ማቀባበያውን ፈተው የደረቀውን ግራሶ በላምባ እንዲያጥቡ ይንገሯቸው። ላምባው እዚያው ሱቅ አለ፤ ምናልባትም ሞላ ጨርሶ አያስፈልጋቸውም።